የጨው ማሳዬ መድኃኒት

ሰኔ 12

የደምለው ከብቶች ዛሬም ማሳዬ ላይ ተሰማርተው አገኘኋቸው። ሣር ኖሮ አይደለም። መሬቱን ነው የሚልሱት። ነጭ ሆኖ ከላይ የወጣውን ጨው በምላሳቸው እየጠረጉ ይልሱታል። በድንጋይ አባረርኳቸው። ባለቤታቸው ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያያል፤ አይቶ አይቶ ፈገግ አለ። ጥርሱ ይርገፍ!

ደምለው የሟቹ ባሌ የባየልኝ ታላቅ ወንድም ነው። በሰው ፊት «አያ ደምለው» ብዬ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን አንቱታዬን አያገኛትም።

ባየልኝ በሞተ በዓመቱ ሽማግሌ ተቀምጦ መሬቱ ሲከፈል፣ ላይኛውን ለም ጥቁር አፈር፣ ዋልካውን፣ እሱ ወሰደ፤ ወንዝ ዳር ያለውን ታችኛውን ለኔ ተወ። «እኩል ነው» ተባለ። በገመድ ሲለካማ እኩል ነው። ታችኛውን ጨው ያስበላው ማን ሆነና! ስንት በጋ ሙሉ ከጉድጓድ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት አለማበት። የጉድጓዱ ውሃ ጨው አለው። ውሃው ፀሐይ ሲመታው ይተናል፣ ጨዉ ግን የት ይሄዳል? ሽንኩርቱን መተማ ዮሐንስ እያወረደ ሸጦ መኪና ገዛበት፣ ጨዉን ለኔ አወረሰኝ። ሽማግሌዎቹ ሲነሡ የማልሰማ መስሎት «ልጅ የላት፣ ምን መሬት ያደርግላታል፤ ጨዉን ትላስ» አለ። ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ላይ እንዳለ አለ።

ካቻምና አልበቀለም። አምናም አልበቀለም። ዘንድሮም ጦሙን ካደረ ቀበሌው ከኔ ነጥቆ ለሚያለማው ይሰጠዋል። የሚያለማው ማን እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ፤ ወንዝ ዳር ስለሆነ ለሞተሩ ይፈልገዋል። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አይወስዳትም።

ሰኔ 15

ከጎንደር የምርምር ሰዎች መጡ። መሪያቸው እስከዳር የምትባል ልጅ ናት። ቀጭን ናት፣ የቆላው ፀሐይ ፊቷን ልጦታል፣ ግን አትነጫነጭም። ጨው ያጠቃው መሬት ያለንን ሰብስባ ዛፍ ሥር አስተማረችን።

ባክቴሪያ አመጣሁላችሁ ስትል ሽማግሌው አባ ፈረደ ብድግ አሉና «ልጄ፣ እኛ ከባክቴሪያ አድኑን ብለን ጤና ጣቢያ እንሰለፋለን፤ አንቺ ጭነሽ ታመጪልናለሽ?» አሏት። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀችና «አባቴ፣ የሚገድልም አለ፣ የሚያኖርም አለ። እርስዎ ቤት እርሾ የለም?» አለቻቸው።

እንደገባኝ እንዲህ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ጨው ለምደው ከሚኖሩ ሣሮች ሥር የተለቀሙ ናቸው። ተክል ጨው ሲበዛበት ይጨንቀዋል፤ ሲጨንቀው ራሱን የሚያቀጭጭ ጋዝ ያወጣል። እነሱ ሥሩ ላይ ይሰፍሩና ጋዙ የሚሠራበትን ነገር ቀድመው ይበሉበታል። ሥሩም ሳይቀጭጭ ወደ ታች ይወርዳል። የኔንስ ጭንቀት ማን ይብላልኝ አልኩ በሆዴ።

የማሽላውን ዘር በስኳር ውሃ አርጥቦ ባክቴሪያዎቹ ባሉበት ጥቁር ዱቄት መለወስ። ጥላ ውስጥ። በዚያው ቀን እርጥብ መሬት ላይ መዝራት። የከብት ፍግም አይቅር አለች፤ ባክቴሪያ ብቻውን ተአምር አይሠራም። ከዚያ ጣቷን እያወዛወዘች «ሕያው ናቸው! ፀሐይ ይገድላቸዋል። ከሁሉም በላይ ያንን ለጉንዳን የምትለውሱበትን ቀዩን የዘር መድኃኒት እንዳታስነኩት። ከነካው ያልቃሉ» አለች።

ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ እኛ አገር ሁሉም መድኃኒት ነው። ቀዩ መድኃኒት፣ የአረሙ መድኃኒት፣ አሁን ደግሞ ጥቁሩ ዱቄት ገና ስብሰባው ሳይበተን መድኃኒት ተባለ። እስከዳር «ኧረ በናታችሁ፣ እርሾ በሉት» ብላ ለመነች። ማን ሰምቷት!

ደምለውም ተመዝግቧል። ጨዉ አጥር ተሻግሮ ከሱም ማሳ ገብቷል፣ እሰይ። ግን ለዚያ ብቻ አይደለም የተመዘገበው፤ ለኔ የተሰጠ ነገር ለሱ ሳይሰጥ ሲቀር ያንገበግበዋል። ራሱ አልመጣም፣ ስብሰባ የሥራ ፈት ነው ብሎ ሚስቱን አሰበችን ላከ። ከኋላ ተቀምጣ፣ በዚህ ሙቀት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። «ጥርሴን ነው» አለችኝ። ሰሞኑን ይሄ ጥርስ እየደጋገመ ይይዛታል። እንዳቀረቀረች መጣች፣ እንዳቀረቀረች ሄደች። ምን እንደሰማች እንጃላት።

ሰኔ 19

እስከዳር የሰጠችኝን የጥቁሩን ዱቄት ፓኬት በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ የሸክላው ውሃ ማቀዝቀዣ፣ የዚሩ ሥር አስቀመጥኩት፣ ቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛው ቦታ እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ጆንያውን አረጥባለሁ። እንደ ጨቅላ ልጅ ጠባቂ ሆንኩ። ዝናብ የለም።

ሰኔ 26

መንገድ ተዘጋ። መኪና ከጎንደር አይወርድም። እስከዳር ደወለች፤ «እትዬ ሀብትነሽ፣ ለዘር አልደርስም። ከሁሉም በደንብ የገባዎት እርስዎ ነዎት። የረሳ ካለ ያስታውሱልኝ፣ በተለይ ጎረቤትዎን።» ላስረዳት ስል ኔትወርኩ ተቆረጠ።

እኔ! ደምለውን እኔ ላስታውሰው!

ሐምሌ 2

ሌሊቱን ዘነበ። ዛሬ ዘራሁ። ወገቤ ተቆርጧል ግን መጻፍ አለብኝ።

ጥላው ሥር ዘሬን እየለወስኩ አሰበች አጥሩ ጋ መጣች። ዘር የሚለውሰው የደምለው ቤት ሴት ናት፤ እሱ ሞተሩን እንጂ ዘር በእጁ አይነካም። የዘሩን ገበቴ በጎኗ ይዛ ቆመች።

«ሀብቴ፣ ዘሩን መድኃኒት ላድርግበት ወይ?» አለችኝ።

የትኛውን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ገበቴውን አየሁት፤ ዳሩ ላይ ያምናው ቀይ ዱቄት ደርቆ አለ። እኛ ቤትም እንዲሁ ነው፣ ዘር ሲነሣ እጅ ሳያስበው የሚያነሣው ቀዩን ነው። ከሷ ጀርባ ደግሞ ደምለው መኪናው ላይ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል። ያ ጥርስ።

«አዎ፣ አድርጊበት» አልኳት። «ደህና አድርገሽ ለውሺው።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ምንም አልገባትም መሰለኝ፣ ምስኪን። «እሺ፣ ደህና አድርጌ እለውሰዋለሁ» ብላ ሄደች።

ሐምሌ 3

አልዋሸሁም። መድኃኒት አለች፣ መድኃኒት አልኩ። የሰጧትም መድኃኒት ነው የሚባለው። ቀዩን አድርጊ አላልኩም። ማንም ቢጠይቀኝ ይህንኑ እላለሁ።

ሐምሌ 5

አልዋሸሁም።

ሐምሌ 12

በቀለ!! በቀለ! በዚያ ነጭ መሬት ላይ አረንጓዴ መስመር! ተንበርክኬ አየሁት። ትልሙ ጎን ላይ ተሰልፎ ወጥቷል፣ አንዳንድ ቦታ ሳሳ ብሏል እንጂ ወጥቷል። አለቀስኩ። ባየልኝ ቢያየው ኖሮ።

የአጥሩን ማዶ አላየሁም። ነገ አያለሁ።

ሐምሌ 13

አየሁት። እዚህም እዚያም አንድ አንድ ወጥቷል፤ የወጣውም ጫፉ ቢጫ ነው፣ በእሳት ዳር የተቀመጠ ይመስላል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ጨዉን ይላስ እንግዲህ፣ እሱ ራሱ ይላስ!

ሐምሌ 24

እያረምኩ። የኔው ቁመቱ ጉልበቴ ደርሷል። የሱው እየከሰመ። ዛሬ አጥሩ ጋ ቆሞ የኔን ሲያይ ቆየ፣ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ተመላልሶ። «ሀብትነሽ፣ ያንቺ ምን አገኘው?» አለኝ። «እግዜር ያውቃል፣ አያ ደምለው» አልኩት፣ ቀና ብዬ ሳላየው። ስንት ዘመን የጠበቅኳት ቀን ናት! ቤት ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

አሰበች ውሃ ስትቀዳ አገኘኋት። «ማሽላችሁ እንዴት ነው?» አልኳት፣ እንደማላውቅ። «ሞተ» አለች። እንዲህ ብቻ። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ምን አስቦ ነው አፌ የጠየቃት? ይቺን የመሰለች ሴት ላይ ክፋት መሥራት አልፈለግሁም። እሷን አልነበረም። እሱን ነው።

ነሐሴ 6

ባየልኝ የሞተባት ቀን ዛሬ ናት። ሰው አልጠራሁም። ይህችን ነገር ጽፌያት አላውቅም፣ ዛሬ ልጻፋት።

ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ስሙን መለየት ሲያቅተው በሌሊት ደምለው ደጃፍ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ። «አያ ደምለው፣ ገንዳ ውኃ ሆስፒታል አድርሱልኝ፣ ወንድምዎ ነው» አልኩት። «መኪናው ነዳጅ የለውም» አለኝ። ከኋላው አሰበች ቆማ ነበር። በዓይኗ ወደ ጓዳው ጠቀሰችኝ። ጀሪካኑ ተደርድሯል፣ ሙሉ ነው። እሱ ዞር ብሎ አያት። እሷ ዓይኗን ሰበረች። እኔም ምን ልበል? ጮኼ ልንጠቀው? ባየልኝን በጋሪ ጭነን ስንሄድ ጓንግ ወንዝን ሳንሻገር አለፈ። በማግስቱ ገና ሬሳው ሳይወጣ ያ መኪና ሽንኩርት ጭኖ ወደ መተማ ሲወርድ በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

ስለዚህ ማሽላው ደረቀበት ብዬ ደስ ቢለኝ ማንም ኃጢአት ነው አይበለኝ። ማሽላ ነው ያደረቅሁበት እንጂ ሰው አይደለም። ለዚያውም እኔ አላደረቅሁትም፤ መድኃኒት ብዬ ነው ያልኩት።

አሰበች ለምን ያን ቀን አልጮኸችም? ፈሪ ናት። ከሱ ጋር ማን ደፋር ይሆናል?

ነሐሴ 28

መንገዱ ተከፈተ መሰለኝ፣ እስከዳር ደረሰች። የኔን ማሽላ ስታይ እንደ ሕፃን ጨፈረች። አንድ አገዳ ነቅላ ሥሩን አጥባ አሳየችኝ፣ ረጅም ነጭ ጢም። «ያያሉ እትዬ? እዚህ ላይ ናቸው» አለችኝ። እኔ አፈር እንጂ ምንም አላየሁም፤ አዎ አልኳት።

ከዚያ ማዶ ተሻገረች። ፊቷ ወደቀ። ያው መሬት፣ ያው ዱቄት፣ ያው ዝናብ። አፈር ቆፈረች፣ ሥር አየች። «በምን ለወሳችሁት?» ብላ አሰበችን ጠየቀቻት። ደምለው ቀድሞ «በሰጣችሁን መድኃኒት ነዋ! እኛ ሞኞች መሰልንሽ?» ብሎ ጮኸ። አሰበች «በመድኃኒቱ» አለች። ዓይኗ መሬት መሬት። እኔ አጥሩ ጋ ነበርኩ፤ አረም እየነቀልኩ ጆሮዬን ጣልኩ።

ሲመሽ እስከዳር ቤቴ ውሃ ጠጥታ «አንዱ ላይ በቅሎ አንዱ ላይ ከሞተ፣ አስተማማኝ አይደለም ብዬ ነው የምጽፈው። ለከርሞ ሙከራውን ከዚህ አንሥተው ወደ ገለጉ ያዞሩታል» አለችኝ። ድምጿ ደክሟል። የልጅቱን ድካም ነው የበላሁት። ልነግራት ነበር። ብነግራት ለደምለው ትነግረዋለች፤ እሱም ቀበሌ ይሄዳል። ዝም አልኩ። ደግ አላደረግሁም። ግን ዝም አልኩ።

መስከረም 19

ማሽላዬ ዘረዘረ። ራሱ ትልቅ ነው፣ ከሽፏል የሚለኝ የለም ከእንግዲህ።

ገበያ ላይ ሴቶች ሲያዩኝ ወሬ አቋረጡ። ምንድን ነው?

መስከረም 23

ምን እንደሆነ ሰማሁ። ደምለው በየጠጅ ቤቱ «መድኃኒት አደረገችብኝ» እያለ ነው። የዘር መድኃኒት አይደለም። ድግምት! «ያው ዱቄት፣ ያው ዘር፣ የሷ ሲበቅል የኔ የሚሞተው በምንድን ነው? ሌሊት ማሳዬ ውስጥ ቀብራብኛለች» ብሎ ቆፍሮ ሲፈልግ ውሏል አሉ።

መድኃኒት! ደግሞ ይሄም መድኃኒት ነው! ያችው የተናገርኳት ቃል ዞራ መጥታ በኔው አንገት ገባች። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቄ ጠፋ። አልቀበርኩም ብል ታዲያ ምን አደረግሽ ይሉኛል።

ጥቅምት 8

ማንም ቤቴ አይመጣም። እሳት ልጭር ጎረቤት ብሄድ በሩ ተዘጋ። ሁልጊዜ ጨው አበድሪኝ የምትለኝ ጎረቤቴ አየሁሽ እንኳ መንገድ ቀይራ ታልፋለች።

ጥቅምት 21

ማሽላው ሊደርስ ነው። ሳሉጎቹ፣ ለአጨዳ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች፣ ከደጋ ወርደዋል፣ የሰሊጡን አጨዳ ጨርሰው ወደ ማሽላ እየዞሩ ነው። የነሱ አለቃ ሰጠኝ የሚባል የጎጃም ሰው ነው፤ አምና ለጎረቤቶቼ ሁሉ አጭዷል። ሄጄ ለመንኩት። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዓይኑን ሳያነሣ፣ «እትዬ፣ ክፉ አይዩብኝ። እኛ የሰው አገር ሰዎች ነን። መድኃኒት ያለበት ማሳ አንገባም፤ ልጆቻችን ይጠብቁናል» አለኝ። እጥፍ ልክፈል ብለው አይገባም።

ብቻዬን ልቆርጠው? ስንት ቀን?

ጥቅምት 26

የግሪሳ ወፍ ወረደ። ከወንዙ ዳር እንደ ደመና ተነሥቶ ማሳው ላይ ፈሰሰ። ማማ ላይ ቆሜ ቆርቆሮ እየደበደብኩ፣ እየጮህኩ ዋልኩ። ድምፄ ጠፋ። አንድ ጥግ ሲነሣ ሌላው ጥግ ይወርዳል። ወፍ እንጂ ምን ያውቃል፤ መድኃኒት አለበት ብሎ አይፈራም!

ደምለው ከማዶ ይሰማል። እንደሚስቅ አውቃለሁ። ይሄን ሁሉ ደክሜ ወፍ በልቶት ቢያልቅ፣ ባዶ ማሳ ነው የሚባለው። ባዶ ማሳ ደግሞ ይወሰዳል።

ጥቅምት 29

አባ ፈረደ መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር በዝምታ አያልፍም። በገብርኤል ደጅ ማይ። ንጹሕ ከሆንሽ ሳሉጎቹም ይገባሉ፣ እሱም አፉን ይዘጋል» አሉኝ።

ንጹሕ ከሆንሽ።

ኅዳር 3

ማልኩ።

ሕዝቡ በሙሉ ነበር። ሳሉጎቹም ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ደምለው ፊቱ ተነፍቶ «ሚስቴ ምስክር ናት፣ ጠይቋት!» አለ። የነጠላዬን ጥለት ጨምድጄ ያዝኩ። ሐምሌ ላይ አጥሩ ጋ ምን እንዳልኳት እሷ ነች የምታውቀው። አንዲት ቃል ብትናገር አለቀልኝ፤ መሬቱም ሄደ፣ እኔም ሄድኩ።

አባ ፈረደ «አሰበች ልጄ፣ ሀብትነሽ ማሳችሁ ውስጥ ስትገባ አይተሻል?» አሏት።

«አላየሁም» አለች።

«ሌላስ የምታውቂው አለ?»

ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗን ዓይኔ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ «የለኝም» አለች።

ወደ እኔ ዞሩ። እጄን አነሣሁ። «እጄም እግሬም የሱን መሬት ከነካ፣ ማሳው ውስጥ አንዳች ነገር ከቀበርኩ ገብርኤል አይለመነኝ» አልኩ። ሁለቴ ጀምሬ ነው ቃሉን የጨረስኩት። እውነት ነው፣ አንዲት ሐሰት የለባትም። አልነካሁም፣ አልቀበርኩም። ታዲያ ለምን ሁለቴ ጀመርኳት? ይቺን ዓይነት እውነት ገብርኤል ያውቃታል።

ደምለው በሐሰት ስለወነጀለኝ በሰው ፊት ይቅርታ እንዲለኝ ተፈረደበት። «ይቅር በይኝ» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ። «ይቅር ብያለሁ» አልኩ። አላልኩም። በአፌ ነው።

ኅዳር 4

ሰጠኝና ሰዎቹ ነገ ይገባሉ። ዕልልል!

ትናንት ማታ ከማዶ ጩኸት ነበር። «አንቺ ነሽ ያዋረድሽኝ» ሲል ሰማሁት። ከዚያ በር ሲዘጋ። አልወጣሁም። ወጥቼ ማየት ነበረብኝ። አልወጣሁም።

ኅዳር 6

ቆረጣው ትናንት ተጀመረ። ወፍ የበላው በልቷል፤ የቀረው ግን ክምር ሠራ። ቀበሌዎቹ መጥተው አዩ፣ ስሜን ጻፉ፣ መሬቱ የኔ ነው። ዝርዝሩን ነገ እጽፋለሁ።

ኅዳር 7

ዛሬ የሆነውን ልጻፍ፣ እጄ ቢደክምም።

ጠዋት ሳሉጎቹ መሃል አንዲት ሴት ማጭድ ይዛ አጎንብሳ አየሁ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ቀና ስትል አሰበች ናት። ግማሽ ፊቷ ጠቁሯል። ዛሬ አልተከናነበችም፣ ለማንም አልደበቀችም። «አባረረኝ» አለችኝ፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር። ሰጠኝ «እትዬ፣ ሰው ትርፍ አይደለም፣ ትሥራ» አለኝ። ምን ልበል? ውሃ ሰጠኋት።

ቀትር ላይ ሁሉም ጥላ ሥር ሲጋደም እኔና እሷ ክምሩ ጥግ ተቀመጥን። የኔ ክፋት ነው ይሄን ፊት ያጠቆረው፤ እሱን ብዬ የወረወርኩት እሷን መታት። አፌን ከፈትኩ።

«እታለም፣ ሐምሌ ላይ መድኃኒት አድርጊበት ያልኩሽ...»

«ቀዩን የለወስኩት አውቄ ነው» አለችኝ።

የሰማሁት አልመሰለኝም።

«እስከዳር ስትናገር የማልሰማ መሰለሽ? ጥርሴን እንጂ ጆሮዬን አላመመኝም። ቀዩ እንደሚገድላቸው ካንቺ እኩል ሰምቻለሁ። ሙሉውን ጣሳ ነው የገለበጥኩበት።»

«ታዲያ ለምን መጥተሽ ጠየቅሽኝ?»

«ከነቃብኝ፣ ሀብትነሽ ናት እንዲህ ያለችኝ ልል ነዋ!» አለች። አላፈረችም። «አንቺ 'ጥቁሩን ነው' ብትይኝ ተምታታብኝ እል ነበር። 'አድርጊበት' አልሽኝ። ሞኝ ናት፣ አልገባትም ብዬ ሄድኩ።»

ሞኝ! እኔን! እኔ እኮ እሷን ነበር ምስኪን የምላት።

«እና ገብርኤል ደጅ ለምን ዝም አልሽ? ስሜን ለመጥራት አፍሽ ላይ ነበር አይደል?»

«ነበር» አለች። «ልጠራሽ ነበር። ከዚያ አየሁሽ። የፊትሽ ቀለም ሄዷል፣ ገና ሳትምይ የነጠላሽን ጥለት ጨምድደሻል። ምንም ያልሠራ ሰው እንዲያ አይሆንም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ አንቺም አውቀሽ ነው ያልሽኝ።»

ልቆጣ ፈለግሁ። ተቆጣሁም። ከሐምሌ ጀምሮ ብቻዬን እየፈራሁ፣ ብቻዬን እየሳቅሁ፣ ኃጢአቱም ደስታውም የኔ ነው ብዬ ታቅፌው ከረምኩ፤ ለካ የሷ ነበር። በቀሌን ቀማችኝ። እኔ አንድ ቃል ነው የተናገርኩት፣ ጣሳውን የገለበጠችው እሷ ናት። በዚያ ላይ ለእሳት አዘጋጅታኝ ነበር! «አንቺ ሴት፣ መሬቴን ልታስነጥቂኝ ነበር!» አልኳት። «አዎ» አለች። «አንቺስ? ቀዩን ሳላውቅ አድርጌው ቢሆን ኖሮ፣ ይሄ ፊቴ በማን ምክንያት ነበር የሚጠቁረው?»

ውሃ ጨምሬ ቀዳሁላት።

ከዚያ የተናገረችውን ነው ልረሳው የማልችለው። «ያን ጀሪካን ባሳየሁሽ ሌሊት፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ለምን ጠቀስሽ ብሎ ጥርሴን አረገፈው። ጥርስ ነው ስልሽ እውነቴን ነበር።» ማጭዷን አነሣች። «ሰኞ ገንዳ ውኃ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። ላይኛው ዋልካ በትዳራችን ዘመን የተገኘ ነው፣ እኩሌታውን ይዤ ነው የምወጣው። ማሽላው ቢሞት ለከርሞ ይዘራል፤ ዋልካው ግን ተከፍሎ አይመለስለትም። አንቺ ምስክር ትሆኚኛለሽ።»

«እሆናለሁ» አልኳት። ሳላስብ ነው ያልኩት።

ማታ ለእስከዳር ደወልኩ። የደምለውን ማሳ ከጽሑፍሽ አውጪው፣ ቀዩ ነክቶታል፣ ማን እንዳስነካው ግን አትጠይቂኝ አልኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ «ተመስገን! ባክቴሪያዎቹ አልከሸፉም ማለት ነው!» ብላ ጮኸች። ሰዎቹስ ምን ሆኑ ብላ አልጠየቀችም። ለከርሞ ወደዚሁ እመለሳለሁ አለች።

አሰበች ከኔ ጋር ናት። ክምሩን ለመጠበቅ ደጅ ተኝተናል፤ እሷ እንቅልፍ ወስዷታል፣ እኔ በባትሪ እየጻፍኩ ነው። ከማዶ የደምለው ቤት መብራት የለም። ወጥ የሚሠራለት የለም ዛሬ፣ ይጹም። ያ ፈገግታው ትዝ አለኝና ለመጀመሪያ ጊዜ አላቃጠለኝም። ግን ሌላ ነገር ይከነክነኛል፣ እንቅልፍ ያሳጣኝም እሱ ነው። እኔ ባሌን ስቀብር እሷ ጥርሷን ትቀብር ነበር፤ በአንድ አጥር ተለያይተን፣ ውሃ በአንድ ወንዝ እየቀዳን። ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻዬን የምጠላው መስሎኝ ነበር።